የ2017 ፕሪየስ ፕራይምን በ2024 መቀየር፦ በአሌክሳንድሪያ የአንድ ቤተሰብ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የሆነው በጁን 2024 በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ባልና ሚስት ሦስት ልጆች አሏቸው። የያዙት መኪና የ2017 ቶዮታ ፕሪየስ ፕራይም (ከግድግዳ ሶኬት ተሞልቶ የተወሰነ ርቀት በኤሌክትሪክ፣ ከዚያ በቤንዚን የሚሄድ ፕላግ ኢን ሃይብሪድ) ሲሆን በ2020 ሁለተኛ እጅ የገዙት፣ 88,000 ማይል የተነዳና ትንሽ ብድር የቀረበት ነበር። ሊወስዱ ያሰቡት የ2024 ፕሪየስ ፕራይም ኤስኢ ነው። ከዘመድም ከሻጭም የሰሙት ምክር አንድ ነበር፦ «አሮጌውን እዚያው ለዲለሩ ስጡት፣ ታክሱ ይቀንስላችኋል።» በቨርጂኒያ ይህ ልክ አይደለም። አብዛኛው የዚህ ጥናት ውጤትም ከዚህ የተነሳ ነው።

ለምን መቀየር ፈለጉ?

ሁለቱን መኪኖች ጎን ለጎን የሚያይ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በኤሌክትሪክ በሚሄዱት ርቀት ላይ ነው። የ2017ቱ ባትሪ 8.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት (ኢፒኤ) ልኬት አንዴ ሲሞላ 25 ማይል ያስኬዳል፣ ከዚያ በኋላ በጋሎን 54 ማይል። የ2024ቱ ኤስኢ 13.6 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ 44 ማይል በኤሌክትሪክ፣ ከዚያ በጋሎን 52 ማይል። ጉልበቱም ከ121 ወደ 220 የፈረስ ጉልበት አድጓል።

ሚስትየዋ ከአሌክሳንድሪያ ፌርፋክስ ሠርተው ይመለሳሉ፤ ደርሶ መልሱ 34 ማይል ነው፣ ሥራ ቦታ ቻርጅ ማድረጊያ የለም። አሮጌው ባትሪ ደክሞ 21 ማይል ገደማ ስለሚሰጥ በየቀኑ 13 ማይል በቤንዚን ይሄዳሉ። አዲሱ መኪና ይህን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ታዲያ ይህ ስንት ያተርፋል? 13 ማይል በ240 የሥራ ቀን 3,120 ማይል ነው። በጋሎን 54 ማይል ሲሰላ 58 ጋሎን ቤንዚን፣ ጋሎኑ በ3.30 ዶላር 191 ዶላር ይሆናል። ያንኑ ርቀት አዲሱ መኪና በኤሌክትሪክ ሲሄድ 827 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በ14 ሳንቲም 116 ዶላር። ልዩነቱ በዓመት 75 ዶላር ነው። ፕላግ ኢን ሃይብሪድን በሌላ ፕላግ ኢን ሃይብሪድ የሚቀይር ሰው ይህን ሒሳብ አስቀድሞ ሊሠራው ይገባል፤ ቁጠባው የመጣው የመጀመሪያው መኪና ሲገዛ ነውና ሁለተኛው የሚጨምረው ጥቂት ነው።

በዚያ ላይ የመኪና ግብር አለ። በቨርጂኒያ ከተሞችና ካውንቲዎች በመኪናው ግምት ላይ ተመሥርተው በየዓመቱ ያስከፍላሉ፤ በአሌክሳንድሪያ መጣኔው በ2024 በየ100 ዶላር ግምት 5.33 ዶላር ነበር። ክልሉ ለግል መኪና የሚሰጠው ቅናሽ የሚሠራው ለመጀመሪያው 20,000 ዶላር ግምት ብቻ ነው። አሮጌው መኪና ሙሉ በሙሉ በዚያ ጣሪያ ሥር ነበር። አዲሱ 31,000 ቢገመት ከጣሪያው በላይ ያለው 11,000 ዶላር ብቻውን በዓመት 586 ዶላር ያስከፍላል። ከቤንዚን የሚተርፈው 75 ዶላር እዚህ ላይ የትም አይደርስም። ኢንሹራንሱን ሳንቆጥር ነው ይህ።

ነዳጅ ካልሆነ ምክንያቱ ምን ነበር? መቀመጫ። ከ2017 እስከ 2019 የተሠራው ፕራይም የሚጭነው አራት ሰው ብቻ ነው፤ ከኋላ በሁለቱ መቀመጫዎች መካከል ቀበቶ የሌለው የዕቃ ማስቀመጫ አለ። ሦስተኛው ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ቤተሰቡ በአንድ ላይ በዚህ መኪና መሄድ አልቻለም። ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ግን አምስት መቀመጫ ሆኗል። ሁለተኛው ምክንያት ዋራንቲ ነው። የ2017ቱ የሃይብሪድ ባትሪ ዋራንቲ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ነው፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይዘጋዋል። ዓመቱ የሚቆጠረው ደግሞ እነሱ በ2020 ከገዙበት ቀን አይደለም፤ የመጀመሪያው ባለቤት መኪናውን ከተረከበበት ከሜይ 2017 ነው። ሁለተኛ እጅ የገዛ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። የቀራቸው 11 ወር ወይም 12,000 ማይል ነበር። ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ቶዮታ የባትሪውን ዋራንቲ ወደ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል አሳድጎታል።

ልብ ያለው አንባቢ እዚህ ላይ ይጠይቃል፦ አምስት መቀመጫና ረጅም ዋራንቲ ከሆነ የተፈለገው የ2021 ሁለተኛ እጅ ፕራይም አይበቃም ነበር? በገንዘብ ብቻ ከታየ ይበቃ ነበር፤ በእኛ ግምት የተሻለው መንገድም እሱ ነው። ቤተሰቡ አዲሱን የመረጠው አንድን መኪና ከ10 ዓመት በላይ ስለሚይዝና 34 ማይሉን ያለ ቤንዚን መሄድ ስለፈለገ ነው። ምርጫው የነሱ ነው፤ ዋጋውን አውቀው ገብተውበታል።

የባትሪውን ጤና በቁጥር ማወቅ

ፕላግ ኢን ሃይብሪድ ሲሸጥ ትልቁ ያልተነገረ ነገር ባትሪው ነው። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው የማይል ግምት መለኪያ አይሆንም፤ ያለፉትን ቀናት አነዳድ ተከትሎ የሚገምት ነው። በክረምት ማሞቂያ እየሠራ ከተነዳ ጤነኛ ባትሪም 17 ማይል ሊያሳይ ይችላል።

አስተማማኙ መንገድ ባትሪው ከግድግዳው የሚወስደውን ኤሌክትሪክ መለካት ነው። በሶኬቱና በቻርጅ ገመዱ መካከል የሚሰካ፣ 15 አምፒር የሚችል ትንሽ ቆጣሪ በርካሽ ይገኛል። መኪናውን የኤሌክትሪክ ማይሉ ዜሮ እስኪሆን መንዳት፣ ሞቃትም ቀዝቃዛም ባልሆነ ቀን አየር ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ በ120 ቮልት ማስሞላት። 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ማራዘሚያ ገመድ አይደረግበትም፤ ለረጅም ሰዓት ከፍ ያለ አምፒር ስለሚሄድበት ማራዘሚያውም የላላ ሶኬትም ይግላል፣ ሊቀልጥም ይችላል። የ2017ቱ አዲስ ሳለ በ100 ማይል 25 ኪሎዋት ሰዓት ስለሚወስድ 25 ማይል ለመሙላት 6.3 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልገው ነበር። በዚህ መኪና ላይ ቆጣሪው 5.4 አሳየ። ይህ ከአዲሱ 85 በመቶ ገደማ ነው፤ ለሰባት ዓመት መኪና ጥሩ ነው። አንድ ልኬት ስለማይበቃ በተለያየ ቀን ደግሞ መለካትና ቁጥሮቹን ማስተያየት ያስፈልጋል።

ከኋላ መቀመጫ አጠገብ ያለውን የባትሪ ማቀዝቀዣ አየር ማስገቢያ ማጽዳትም ከዚሁ ጋር ይሠራል። የልጆች ብስኩት ፍርፋሪና ፀጉር ሲደፍነው ባትሪው ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ሦስት ግምት፣ ሦስት ዋጋ

አዲሱን የሚሸጠው ዲለር ገማች መኪናውን ሲያይ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። የጎማውን ጥርስ ጥልቀት ለካ፣ የኋላ መከላከያው ላይ ያለውን ጭረት በስልኩ አነሳ፣ በሻሲ ቁጥሩ የአደጋ ታሪክ አየ፣ ሁለት ቁልፍ መኖሩን ጠየቀ። የቻርጅ መሰኪያውን ክዳን አልከፈተውም። የተጻፈው ዋጋ 9,800 ዶላር ሆነ። ባትሪውን ያልለካ ገማች ባትሪው የሞተ ያህል ቀንሶ ይገምታል፤ ራሱን የሚጠብቀው እንዲህ ነው። የልኬት ፎቶና የመጨረሻው የቶዮታ ሰርቪስ ወረቀት ይዞ መሄድ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

በተመሳሳይ ሳምንት ቤተሰቡ ከሁለት ሌሎች ገዢዎች ዋጋ ወሰደ። ቀጥታ መኪና የሚገዙ ድርጅቶች ዋጋቸውን በጽሑፍ ይሰጣሉ፤ የካርማክስ ዋጋ ለምሳሌ ለሰባት ቀን ይጸናል፣ ከእነሱ ሌላ መኪና ባይገዛም። አንዱ 11,400፣ ሌላው 11,900 ሰጠ። በግል ቢሸጥ 13,500 አካባቢ ያወጣ ነበር፤ ነገር ግን ብድር ያለበት መኪና በግል ሲሸጥ ገዢው የባለቤትነት ወረቀቱን ባንኩ እስኪለቅ መጠበቅ አለበትና ብዙዎች ይሸሻሉ።

አሁን ታክሱ። ቨርጂኒያ በመኪና ሽያጭ ላይ 4.15 በመቶ ታስከፍላለች፤ የሚሰላውም በሙሉ ዋጋው ላይ ነው፣ የዲለሩ የወረቀት ክፍያ ጭምር። የተሰጠው አሮጌ መኪና ዋጋ አይቀነስም። ካሊፎርኒያም እንዲሁ ናት። ቴክሳስ ግን 6.25 በመቶውን የምታስከፍለው በልዩነቱ ላይ ብቻ ስለሆነ 12,000 ዶላር የሚያወጣ መኪና ለዲለሩ የሰጠ ሰው 750 ዶላር ታክስ ይቀርለታል። ስለዚህ ዳላስ ያለ ዘመድ የሚመክረው ለራሱ ትክክል ነው፤ እዚያ የውጭ ገዢ ከዲለሩ 750 ዶላር ካልበለጠ አያዋጣም። አሌክሳንድሪያ ላይ ግን አንድ ዶላር የበለጠ ያሸንፋል። ዲለሩ «እኛ ጋ ብትሰጡ ታክስ ትቆጥባላችሁ» ብሎ ቢል በቨርጂኒያ ወረቀት ላይ ያንን ቁጥር ሊያሳይ አይችልም።

ሌላም መከራከሪያ ነበር። በ2024 ከዲለር የተገዛ፣ ከ25,000 ዶላር የማይበልጥ፣ ቢያንስ ሁለት የሞዴል ዓመት ያለፈውና ቢያንስ 7 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያለው ያገለገለ ፕላግ ኢን መኪና ለሚገዛ፣ የገቢ ገደቡን ላላለፈ ሰው የፌዴራል መንግሥት የዋጋውን 30 በመቶ፣ እስከ 4,000 ዶላር ታክስ ይቀንስለት ነበር። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ቅናሹን እዚያው ዲለሩ ጋ መውሰድ ይቻል ነበር። የ2017 ፕራይም 8.8 ኪሎዋት ሰዓት ስላለው ይገባል። ቅናሹ ከኦገስት 16፣ 2022 በኋላ ለአንድ ሽያጭ ብቻ የሚሠራ ሲሆን ቤተሰቡ በ2020 ስለገዛው ገና አልተነካም። ማለትም ዲለሩ ይህን መኪና 14,500 ዶላር ቢለጥፍበት ቀጣዩ ገዢ በ10,500 ይወስደዋል። ባልየው ይህንና የ11,900ውን ወረቀት አንድ ላይ ሲያቀርቡ ዲለሩ 12,000 አለ። ቅናሹ ከሴፕቴምበር 30፣ 2025 በኋላ ለተገዙ መኪኖች ስለቀረ ዛሬ ይህ መከራከሪያ የለም፤ የ12,000ውን ዋጋ ለዛሬ መለኪያ ማድረግ አይገባም።

አንዱ ሲጨምር ሌላው የሚያብጥበት ወረቀት

የሻጩ ወረቀት በአራት ሳጥን የተከፈለ ነበር፦ የአዲሱ ዋጋ፣ የአሮጌው ዋጋ፣ ቅድሚያ ክፍያ፣ የወር ክፍያ። በመጀመሪያው ወረቀት አዲሱ 34,070 ሆኖ «የገበያ ማስተካከያ» (ዲለሩ በራሱ ፈቃድ በዋጋው ላይ የሚጭነው) 1,995 እና «የቀለም ጥበቃ» 799 ተጨምሮበታል። አሮጌው 12,000 ሲሆን የቀለም ጥበቃው ወጣ፣ ማስተካከያው ግን ቀረ። 2,200 ተጨመረልን ብለው ቢፈርሙ 1,995ቱን መልሰው ይከፍሉ ነበር።

ፈውሱ አዲሱን ለብቻው መደራደር ነው። ቤተሰቡ ለሦስት ዲለሮች በኢሜይል አንድ ጥያቄ ላከ፦ የዚህ ሞዴልና ቀለም መኪና፣ ክፍያዎችና ታክስ ሁሉ ገብቶ፣ አሮጌ መኪና ሳይሰጥ፣ ከግቢ ሲወጣ ስንት ነው? አንዱ ያለ ማስተካከያ መለሰ። ያ ኢሜይል ሲታይ የመጀመሪያው ዲለርም ማስተካከያውን አወጣ። የወር ክፍያ እስከዚያ ድረስ አልተነሳም፤ በወር ክፍያ የሚደራደር ሰው ብድሩን ከ60 ወደ 72 ወር በማስረዘም ምንም እንዳልተቀነሰለት ሳያውቅ ይወጣል።

የመጨረሻው ሒሳብ እንዲህ ነው። መኪናው 34,070፣ የዲለሩ የወረቀት ክፍያ 899፣ ድምር 34,969። የዚህ 4.15 በመቶ 1,451.21። ጠቅላላ 36,420.21 ዶላር፣ ጥቃቅን የዲኤምቪ (የተሽከርካሪ ምዝገባ መሥሪያ ቤት) ክፍያዎችን ሳይጨምር። ከአሮጌው 12,000 ላይ ለባንኩ የሚከፈለው 2,640 ሲነሳ 9,360 ይቀራል። የሚበደሩት 27,060.21 ሆነ። የወረቀት ክፍያውን የሚወስነው ዲለሩ እንጂ ክልሉ አይደለም፤ «የመንግሥት ነው» ከተባለ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጃፓን የተሠራ በመሆኑ ለአዲሱ ፕራይም ገዢ የፌዴራል የአዲስ መኪና ታክስ ቅናሽ አልነበረውም።

ኤስኢ ወይስ ኤክስኤስኢ፣ እና የልጆች መቀመጫ

ሻጩ የሚገፋው ከኤስኢ ከፍ ያለውን ደረጃ፣ ባለ 19 ኢንች ጎማ ኤክስኤስኢን ነበር፤ ያምራል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ርቀቱ ከ44 ወደ 39 ማይል፣ የቤንዚኑም በጋሎን ከ52 ወደ 48 ይወርዳል። ለ34 ማይል ጉዞ 39ም የሚበቃ ይመስላል፤ ክረምት ሲገባና ባትሪው ከዓመታት በኋላ ሲደክም ግን አይበቃም። ጎማውም 195/50 ባለ 19 ኢንች ነው፤ ብዙ መኪና የማይጠቀምበት ልክ ስለሆነ ሲፈነዳ በየሱቁ አይገኝም። መለዋወጫ ጎማ የለውም፣ ከኋላ ከዕቃ መጫኛው ወለል ሥር ያለው የመጠገኛ ኪት ብቻ ነው።

የመቀመጫው ነገር በወረቀት አይፈታም። አዲሱ ፕሪየስ ከቀድሞው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ጣራ አለው፣ የኋላ በሩም ጠበብ ይላል። ቤተሰቡ ሦስቱንም የልጆች መቀመጫ ይዞ ሄዶ ግቢው ውስጥ ገጠማቸው። ሁለቱ ትልልቅ መቀመጫዎች በጎን ሲገቡ መሐል ያለው ማሳደጊያ ወንበር (ቡስተር) የቀበቶውን መቆለፊያ ሸፈነው። ጠባብ ማሳደጊያ ሲገዛ ገባ። ይህ ሳይሞከር ተፈርሞ ቢሆን ኖሮ የተገዛበት ዋና ምክንያት ይበላሽ ነበር፤ በቨርጂኒያ መኪና ፈርሞ በሦስት ቀን መመለስ የሚባል መብት የለም።

ቤት ቻርጅ ማድረግ

በ120 ቮልት አሮጌው 5 ሰዓት ተኩል ሲፈጅ አዲሱ 11 ሰዓት ይፈጃል። ማታ 4 ሰዓት ሰክቶ ጠዋት 12 ሰዓት የሚነቅል ሰው 8 ሰዓት ብቻ ነው የሚያገኘው፤ 32 ማይል ገደማ ይሞላል እንጂ 44 አይደርስም። ለ34 ማይል ጉዞ ለጥቂት ይጎድላል። በ240 ቮልት 4 ሰዓት ይበቃዋል። መኪናው የሚስበው ከ3.5 ኪሎዋት አይበልጥም፣ ይህ 15 አምፒር አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ባለ 20 አምፒር መስመር ይበቃል። 48 አምፒር ቻርጀር ገዝቶ 60 አምፒር መስመር የሚያስዘረጋ ሰው መኪናው የማይጠቀምበትን ይከፍላል። ቀድሞ ባለ 16 አምፒር ቻርጀር ያለው ቤት ምንም አይቀይርም፣ መሰኪያው በሁለቱም ሞዴል አንድ ዓይነት ነው።

ወረቀቱ

ብድሩ ሲዘጋ በባንኩ ገጽ ላይ የሚታየው ቀሪ ገንዘብ አይበቃም። ወለድ በየቀኑ ስለሚጨምር ባንኩን «የአሥር ቀን መዝጊያ» መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እዚህ የታየው 2,636፣ መዝጊያው 2,640 ነበር። ዲለሩ ገንዘቡን እስኪልክ ብድሩ በቀድሞው ባለቤት ስም ይቆያል። የክፍያው ቀን በመካከል ከደረሰ መክፈል ነው፤ ትርፍ ካለ ባንኩ ይመልሳል፣ የዘገየ ክፍያ ግን ከክሬዲት ታሪክ ቶሎ አይጠፋም።

የባለቤትነት ወረቀቱ ላይ የሁለቱም ስም ስለነበረ የሁለቱም ፊርማ ተፈለገ። ባልየው አዲስ አበባ ሊሄዱ ቀን ቆርጠው ነበርና ፊርማው ከጉዞው በፊት አለቀ። አንዱ ውጭ አገር ሳለ ሽያጭ ሲደረስ የውክልና ወረቀት ቀድሞ ካልተዘጋጀ ዋጋው ጊዜው ያልፍበታል።

ብዙ ሰው የሚተወው ገንዘብ እዚህ ጋ ነው። በ2020 መኪናው ሲገዛ ሰርቪስ ኮንትራት (ከዋራንቲ ውጭ ጥገና የሚሸፍን ውል) ተሽጦላቸዋል። መኪናው እጃቸውን ሲለቅ ኮንትራቱ ራሱ አይሰረዝም፤ በጽሑፍ ማሰረዝ አለባቸው። የሚመለሰው ከጊዜውና ከማይሉ ብዙ ያለቀው ተቆጥሮ፣ የማስተዳደሪያ ክፍያ ተቀንሶ ነው። 380 ዶላር ተመለሰላቸው። ጋፕ ኢንሹራንስ (መኪናው ቢወድም ከግምቱ በላይ የቀረውን ብድር የሚሸፍን) ላለው ሰውም እንዲሁ ነው። የሽያጩን ወረቀትና የዕለቱን የማይል ቁጥር ግልባጭ ማስቀረት ይበጃል፣ ያለሱ ገንዘቡ አይመለስም።

አሮጌው ከመሰጠቱ በፊት ስልኮች ከመኪናው ተሰረዙ፣ የጋራዥ በር መክፈቻው ባዶ ተደረገ፣ ኢዚፓሱ (የመንገድ ክፍያ መሣሪያው) ከመስተዋቱ ወረደ፣ መኪናው ከቶዮታ አፕ ወጣ። የቻርጅ ገመዱና ሁለቱም ቁልፎች ተቆጥረው ተሰጡ፤ አንድ ቁልፍ ቢጎድል ጥቂት መቶ ዶላር ያስቀንሳል። በቨርጂኒያ ታርጋ የባለቤቱ ስለሆነ ተፈትቶ ወደ አዲሱ ተዛወረ። መኪናው መሸጡ ለዲኤምቪ ሲነገር የአሌክሳንድሪያ የመኪና ግብር ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቆማል፣ የቀሩት ወራት ይቀነሳሉ።

አዲሱን ሲረከቡ አንድ ፍተሻ ቀረ። ቶዮታ በዚያው ፀደይ በ2023 እና 2024 ፕሪየስና ፕሪየስ ፕራይም ላይ የኋላ በር መክፈቻ ጥሪ (ጉድለት ያለበት መኪና ለጥገና እንዲመለስ የሚደረግ ጥሪ) አውጥቶ ነበር፤ ውኃ ወደ ኤሌክትሪክ መክፈቻው ሲገባ በሩ ካልተቆለፈ እየሄደ ሊከፈት ይችላል። በአሜሪካ 55,000 ያህል መኪኖችን የነካ ነው። ሦስት ልጅ ከኋላ ለሚያስቀምጥ ቤተሰብ ይህ የሚታለፍ አልነበረም። የሻሲ ቁጥሩ በፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ ሲገባ ጥሪው ክፍት ሆኖ ተገኘ። ጥሪ ያልተሠራለትን አዲስ መኪና ዲለር ማስረከብ በሕግ ስለማይችል ርክክቡ የበሩ ሥራ እስኪያልቅ ዘገየ። መኪናው ወደ ቤት የመጣው የተሠራበት ወረቀት በእጃቸው ከገባ በኋላ ነው።